ከጦስኝ ዘይት የለየሁት ውህድ ታይሞል ነው ወይስ ካርቫክሮል? ስፔክትረም ማንበብንስ እንዴት ነው የሚማሩት?

ጠያቂ፦ ጓሳ_ሜዳ

ለተከበራችሁ የኬሚስትሪ መምህራንና ተማሪዎች፣

የሁለተኛ ዲግሪ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በጦስኝ መዓዛማ ዘይት ላይ ነው። ቅጠሉን ያመጣሁት ከመንዝ ሲሆን፣ በጥላ ካደረቅሁት በኋላ ዘይትን በእንፋሎት በሚለየው በክሌቬንጀር መሣሪያ ለሦስት ሰዓት አፍልቼ ዘይቱን አወጣሁ፤ ከዚያም በሲሊካ ጄል ኮለም ላይ በፔትሮሊየም ኤተርና በኢታይል አሲቴት ድብልቅ እያጠብኩ በቲኤልሲ (ውህዶችን በስስ ንጣፍ ላይ በሚለየው ፍተሻ) አንዲት ነጠላ ነጥብ የምታሳይ ፍራክሽን (ክፋይ) አገኘሁ። ፈዛዛ ቢጫ ፈሳሽ ናት፤ ጠርሙሱን ስከፍተው ክፍሉ በሙሉ የጦስኝ ሻይ የተፈላበት ይመስላል። ሁለት ሳምንት በማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጫት እስከ ዛሬ አልረጋችም።

ችግሬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የጂሲኤምኤስ (ውህዶችን ለይቶ ክብደታቸውን የሚለካ መሣሪያ) ውጤቱ ሞለኪዩላር አዮኑን፣ ማለትም ያልተሰበረውን ሞለኪዩል፣ በ150፣ ትልቁን ፒክ ደግሞ በ135 ላይ ያሳያል። የኮምፒዩተሩ ላይብረሪ (የታወቁ ውህዶች ስፔክትረም ማከማቻ) በአንደኛ ደረጃ ያስቀመጠልኝ ታይሞልን ነው፤ ካርቫክሮል በጥቂት ነጥብ ዝቅ ብሎ ሁለተኛ ሆኗል። እኔም በረቂቄ ላይ «ታይሞል ነው» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ረቂቁን ሲመልሱልኝ በኅዳጉ ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፈውበታል፤ «በምን አወቅሽ?» ትላለች። ሦስት ቀን ሙሉ ስፔክትረሞቼን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ለዚያች ጥያቄ መልስ አጣሁላት።

የኤንኤምአር (አተሞችን በማግኔት የሚመረምር) መሣሪያው ባለ 400 ሜጋኸርዝ፣ ሟሚው ዲዩተሬትድ ክሎሮፎርም ነው። የፕሮቶን (የሃይድሮጅን) ስፔክትረሙን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ እንዳለ እገለብጣለሁ፤ ቦታዎቹ በፒፒኤም ናቸው፤ ሲንግሌት ባለ አንድ፣ ደብሌት ባለ ሁለት፣ ኩዊንቴት ባለ አምስት መስመር ፒክ ሲሆን ጄ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። በ1.23 ላይ ደብሌት፣ 6 ፕሮቶን፣ ጄ 0.017፤ በ1.56 ላይ ትንሽ ሲንግሌት፤ በ2.23 ላይ ሲንግሌት፣ 3 ፕሮቶን፤ በ2.83 ላይ ኩዊንቴት፣ 1 ፕሮቶን፤ በ4.7 አካባቢ ሰፋ ያለ ሲንግሌት፣ 1 ፕሮቶን፤ በ6.67፣ በ6.73 እና በ7.05 ላይ እያንዳንዳቸው 1 ፕሮቶን፤ በ7.26 ላይ ደግሞ ሌላ ሲንግሌት። የካርቦን-13 ስፔክትረሙ በ15.3፣ በ24.1፣ በ33.7፣ በ113.0፣ በ118.8 እና በ130.9 ላይ ጎላ ያሉ ፒኮች፣ በ77 አካባቢ ሦስት እኩል መስመሮች አሉት። በ120.9፣ በ148.5 እና በ153.6 ላይም ከጫጫታው ብዙም ከፍ የማይሉ ነገሮች ይታያሉ፤ እነዚህን ሦስቱን ግን ፒክ ናቸው ብዬ ለመጻፍ አልደፈርኩም። ኢንፍራሬዱ በ3400 አካባቢ ሰፊ ባንድ፣ በ2960 ላይ ሌላ ባንድ ያሳያል፤ በ2350 አካባቢም ትንሽ ፒክ ስላየሁ ናይትራይል (የካርቦንና የናይትሮጅን ቡድን) ይኖርበት ይሆን ብዬ ግራ ተጋብቻለሁ።

ከዚህ ውህድ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ጉዳይ አለ። የስፔክትሮስኮፒ ኮርሶቼን በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት፤ የኬሚካል ሺፍት (የፒክ ቦታ) ሠንጠረዡን ሸምድጄዋለሁ፣ የሴሌክሽን ሩሉንም (የትኛው ንዝረት እንደሚታይ የሚወስነውን ሕግ) የግሩፕ ቲዎሪውንም (የሞለኪዩል ሚዛናዊነት ስሌቱን) ፈተና ላይ በትክክል ሠርቻለሁ። ፈተና ላይ የሚቀርብልን ስፔክትረም ግን ንጹሕ ነው፤ መልስ እንዳለውም አስቀድመን እናውቃለን። የራሴን ስፔክትረም ፊት ለፊቴ ሳስቀምጥ የተማርኩት ሁሉ እርስ በርሱ የማይገናኝ ሆኖብኛል። እናንተ ይህን ነገር እንዴት ነው የተማራችሁት?


መልስ 1፦ የቀለበቱ_መምህር

ጤና ይስጥልኝ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ለረጅም ዓመታት ያስተማርኩ ነኝ፤ አማካሪዎ በኅዳጉ ላይ የጻፏትን ጥያቄ እኔም ለተማሪዎቼ ስጽፍ ኖሬአለሁ። መልሷ በእጅዎ ባለው ዳታ ውስጥ አለ። ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ግን ላይብረሪው ለምን ሊመልስልዎ እንዳልቻለ ላስረዳ፤ ይህ ካልተገለጠ የሚቀጥለውም ውህድ ላይ እዚያው ይሰናከላሉ።

በኤሌክትሮን ኢምፓክት የተገኘ ማስ ስፔክትረም የሚነግርዎ ሞለኪዩሉ ስንት እንደሚመዝንና ሲሰበር ምን ምን እንደሚጥል ነው። ታይሞልና ካርቫክሮል ሁለቱም 10 ካርቦን፣ 14 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን አላቸው፤ ሁለቱም ከአይሶፕሮፒላቸው አንድ ሚታይል ጥለው ከ150 ወደ 135 ይወርዳሉ። ቁርጥራጮቻቸው አንድ ዓይነት ከሆኑ ላይብረሪው አንዱን ከሌላው በጥቂት ነጥብ ማስበለጡ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ከዚያ ይልቅ ጂሲው ራሱ የተሻለ ምስክር ነው፤ ፖላር ባልሆነ ኮለም ላይ ታይሞል ቀድሞ ይወጣል፣ የሪቴንሽን ኢንዴክሱም (ከኮለሙ የመውጫ ጊዜ መለኪያው) ወደ 1290 ሲሆን የካርቫክሮል ወደ 1299 ነው። ልዩነቱ ጠባብ በመሆኑ ግን የአልካን ስታንዳርድ በዚያው ኮለም ላይ ካልተነዳ ማንም ሊተማመንበት አይገባም።

አሁን ሠንጠረዥም ኮምፒዩተርም ሳይከፍቱ፣ አንድ ንጹሕ ወረቀት ወስደው ሁለቱን ሞለኪዩሎች ጎን ለጎን ይሳሉ። የቤንዚን ቀለበቱ፣ ሃይድሮክሲሉ፣ ሚታይሉና አይሶፕሮፒሉ በሁለቱም አሉ፤ ሚታይሉና አይሶፕሮፒሉ ፓራ ለፓራ፣ ማለትም በቀለበቱ ላይ ፊት ለፊት፣ መቀመጣቸውም አንድ ነው። የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በታይሞል የሃይድሮክሲሉ ጎረቤት አይሶፕሮፒሉ ነው፣ በካርቫክሮል ግን ሚታይሉ ነው። እንግዲህ «ይህ ውህድ ምንድን ነው?» የሚለውን ሰፊ ጥያቄ ትተው «ከሃይድሮክሲሉ አጠገብ የተቀመጠው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። እንዲህ የጠበበ ጥያቄ ይዞ ስፔክትረም ፊት የተቀመጠ ሰውና እንዲያው ፒክ የሚቆጥር ሰው አንድ ወረቀት እያዩ የሚያነቡት ሌላ ሌላ ነው።

የፕሮቶን ስፔክትረሙን እንጠይቀው። አይሶፕሮፒል ከቤንዚን ጋር ብቻውን ሲሆን፣ ማለትም በኩሚን ላይ፣ የሜቲን ፕሮቶኑ (ሁለቱ ሚታይሎች በተያያዙበት ካርቦን ላይ ያለው) በ2.9 አካባቢ ይታያል። ሃይድሮክሲል በኦርቶ (በቅርብ ጎረቤትነት) ሲመጣበት ያ ፕሮቶን ፊቱን ወደ ኦክስጅኑ አዙሮ በቀለበቱ ገጽ ላይ ስለሚተኛ ወደ 3.2 ይወጣል። በታይሞል የሚጠበቀው ይህ ነው። የእርስዎ ግን በ2.83 ላይ ነው።

ካርቦኑ ደግሞ ከዚህም አብልጦ ይናገራል። ሁለት ጎረቤት ቡድኖች በኦርቶ ሲጨናነቁ ካርቦኖቻቸው ወደ ዝቅተኛው ፒፒኤም ይሸሻሉ። በታይሞል ከሃይድሮክሲሉ ጋር የሚጨናነቀው አይሶፕሮፒሉ ስለሆነ የሜቲን ካርቦኑ ወደ 26.7 ይወርዳል፤ ሚታይሉ ግን ነፃ በመሆኑ በ20.8 አካባቢ ይቆያል። በካርቫክሮል ነገሩ ይገለበጣል፤ የተጨናነቀው ሚታይል ወደ 15.3 ሲወርድ ነፃው ሜቲን በ33.7 ላይ ይገኛል። የእርስዎ ዳታ 15.3 እና 33.7 ይላል። በፕሮቶኑ ላይ በአንድ ፒፒኤም አንድ ሦስተኛ ብቻ የሚለያዩት ሁለቱ አይሶመሮች (ፎርሙላቸው አንድ የሆነ ውህዶች) እዚህ ላይ በአምስትና በሰባት ፒፒኤም ተለያዩ ማለት ነው። ውህድዎ ካርቫክሮል ነው።

ማቀዝቀዣውም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ታይሞል በ50 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚቀልጥ ክሪስታል ሲሆን ካርቫክሮል እስከ 1 ዲግሪ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ሆኖም ጥቂት ቆሻሻ ያለበት ታይሞልም አልረጋ ሊል ስለሚችል ይህን እንደ ደጋፊ ምልክት እንጂ እንደ ማስረጃ አይጻፉት።

አሁን ደግሞ ማስታወሻ ደብተርዎን በቀይ እስክሪብቶ እንዲመለከቱ እለምናለሁ። በ2.83 ላይ ያሉት ኩዊንቴት ኩዊንቴት አይደለም፤ ስድስት እኩል ጎረቤቶች ያሉት ፕሮቶን ሰባት መስመር ይሰጣል፣ የመስመሮቹም ቁመት 1፣ 6፣ 15፣ 20፣ 15፣ 6፣ 1 ነው። ዳርና ዳር ያሉት የመካከለኛው አንድ ሃያኛ ብቻ ስለሆኑ ከጫጫታው ሥር ይደበቃሉ፤ ስፔክትረሙን ወደ ላይ ቢያሳድጉት ሁለቱም ብቅ ይላሉ። ጄ 0.017 ያሉትም በፒፒኤም የተለካ ርቀት ነው፤ በ400 አባዝተው ወደ ኸርዝ ሲለውጡት 6.8 ይሆናል፣ ለአይሶፕሮፒልም የሚጠበቀው ይኸው ገደማ ነው። በ1.56 ላይ ያለው በሟሚው ውስጥ የቀረ ውሃ፣ በ7.26 ላይ ያለው ዲዩተሪየም ያልገባበት ጥቂት ክሎሮፎርም ነው። የቀለበቱን ሦስት ፕሮቶኖች «እያንዳንዳቸው 1 ፕሮቶን» ብሎ ማለፍም አይበቃም፤ በ7.05 ላይ ያለው ወደ 7.7 ኸርዝ የሚሰፋ ደብሌት ከሆነ አንድ የኦርቶ ጎረቤት አለው፣ በ6.67 ላይ ያለው ወደ 2 ኸርዝ ብቻ የሚከፈል ከሆነ የኦርቶ ጎረቤት የለውም፣ በ6.73 ላይ ያለው ሁለቱንም ይይዛል። እነዚህን ሦስቱን በቀለበቱ ዙሪያ ራስዎ ያስቀምጧቸው፤ እኔ አልነግርዎትም።


መልስ 2፦ ሚዛን_ፊዚካል

መምህሩ የኦርጋኒክ ኬሚስቱን ድርሻ አሟልተው ስለተናገሩ እኔ «እርስ በርሱ የማይገናኝ ሆኖብኛል» ስላሉት ቲዎሪ ብቻ እጨምራለሁ፤ ምክንያቱም የፈሩዋቸው ሦስት ደካማ ፒኮችና ያሳሰብዎት የኢንፍራሬድ ፒክ ሁለቱም በኮርሱ ላይ የተማሩት ነገር ናቸው።

ከ2350 ልጀምር። ናይትራይል ብዙውን ጊዜ ከ2220 እስከ 2260 ባለው ክልል ይወጣል፤ በ2350 አካባቢ የሚታየው የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ባክግራውንድ በተወሰደበትና ናሙናው በተለካበት ጊዜ መካከል በመሣሪያው አቅራቢያ የተነፈስነው ትንፋሽ ጭምር ይገባበታል። አሁን የግሩፕ ቲዎሪ ደብተርዎን ይክፈቱ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀጥ ያለና ሚዛናዊ ሞለኪዩል ነው፤ ሁለቱ ኦክስጅኖች እኩል ወደ ውጭ እኩል ወደ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ዳይፖሉ (የኤሌክትሪክ ጫፎቹ ልዩነት) ስለማይለወጥ ያ ንዝረት በኢንፍራሬድ አይታይም፣ በራማን (በተበተነ ብርሃን በሚለካው ስፔክትረም) እንጂ። አንዱ ሲቀርብ ሌላው ሲርቅ ግን ዳይፖሉ ይለወጣል፤ በ2349 የሚያዩት ይህን ነው። በ667 ላይ ደግሞ የመታጠፍ ንዝረቱን ያገኙታል። ፈተና ላይ በካራክተር ቴብል የሠሩት ጥያቄ በራስዎ ኢንፍራሬድ ወረቀት ላይ ታትሞ ነበር።

ወደ ካርቦኑ እንሂድ። በ400 ሜጋኸርዝ መሣሪያ ውስጥ፣ በክፍል ሙቀት፣ በሁለቱ የስፒን ደረጃዎች መካከል ያለው የፕሮቶኖች ብዛት ልዩነት ከአንድ ሚሊዮኑ ወደ 32 ገደማ ብቻ ነው። ሲግናሉን የሚሰጡን እነዚህ 32ቱ ናቸው፤ የቀሩት እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። ካርቦን-13 ደግሞ ከካርቦኖች ሁሉ 1.1 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ የማግኔት ጉልበቱም ከፕሮቶን አንድ አራተኛ ገደማ ነው፤ ሁለቱ ምክንያቶች ሲደመሩ የካርቦን ስፔክትረም ከፕሮቶኑ ከ5000 እጥፍ በላይ ይደክማል። ሃይድሮጅን የያዙ ካርቦኖች ከፕሮቶኖቻቸው ብርታት ያገኛሉ፣ ቶሎም ያርፋሉ። ሃይድሮጅን የሌላቸው ግን ለማረፍ ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ፤ መሣሪያው ሳያርፉ ደግሞ ደጋግሞ ሲመታቸው ቁመታቸው ያጥራል። እንግዲህ በካርቫክሮል ቀለበት ላይ ሃይድሮጅን የሌላቸው ካርቦኖች ስንት ናቸው? ሦስት ናቸው። በ120.9፣ በ148.5 እና በ153.6 ላይ ያሉት እነሱ ናቸው፤ 153.6 ሃይድሮክሲሉን የተሸከመው ነው። የካርቦን ፒክን ቁመት እንደ ፕሮቶን ኢንቲግሬሽን (የፒክ ስፋት ልክ) ማንበብ የማይቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። አሥር ካርቦን ኖሮ ዘጠኝ መስመር መታየቱም ትክክል ነው፤ ሁለቱ የአይሶፕሮፒል ሚታይሎች አንድ ዓይነት አካባቢ ስላላቸው በ24.1 ላይ ተደርበዋል።

መስመሮቹ እንዲጎሉ ከፈለጉ ስካኑን (የመለኪያ ድግግሞሹን) ያብዙ፤ ነገር ግን ሲግናሉ ከጫጫታው አንጻር የሚያድገው በስካኑ ብዛት ስኩዌር ሩት ስለሆነ እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል። ይህ ስካን መደማመር የሚቻል የሆነው በ1966 ሪቻርድ ኤርነስትና ዌስተን አንደርሰን የፉሪየር ትራንስፎርም ዘዴን (ፍሪኩዌንሲዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለክቶ በስሌት የሚለየውን) ወደ ኤንኤምአር ካመጡ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ብሎክና ፐርሰል በ1946 በከፈቱት መንገድ ፍሪኩዌንሲውን ቀስ እያሉ መጥረግ ግድ ነበር። ኤርነስት ለሥራው በ1991 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል፤ እርስዎ ዛሬ ካርቦን-13ን በአንድ ሌሊት የሚያገኙት በዚያ ሥራ ነው።

በ77 ያሉት ሦስት እኩል መስመሮችም ትንሽ ማስታወስ ይፈልጋሉ። ጎረቤቱ ፕሮቶን ቢሆን ኖሮ ሁለት መስመር ይታይ ነበር። ዲዩተሪየም ግን ስፒኑ 1 ስለሆነ ሦስት አቀማመጥ አለው፤ ሦስቱም እኩል ዕድል ስላላቸው መስመሮቹም እኩል ናቸው። «ኤን ሲደመር አንድ» የሚለው ሕግ (ኤን ጎረቤት ያለው ፒክ ኤን ሲደመር አንድ መስመር ይሰጣል የሚለው) ስፒናቸው ግማሽ ለሆኑት ብቻ እንደሚሠራ ከዚህ በኋላ አይረሱትም።


ጓሳ_ሜዳ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ ያዘዙኝን ሠርቻለሁ። በ7.05 ላይ ያለው ጄ 7.7 ደብሌት ነው፤ በ6.67 ላይ ያለው ወደ 2 ኸርዝ ብቻ ይከፈላል፤ በ6.73 ላይ ያለው ሁለቱንም ይዟል። ስለዚህ 6.73 በመካከል ሆኖ በአንድ በኩል 7.05ን በኦርቶ፣ በሌላ በኩል 6.67ን በሜታ (አንድ ካርቦን ዘልሎ) ይጎራበታል፤ 6.67 ደግሞ በሃይድሮክሲሉና በአይሶፕሮፒሉ መካከል ብቻውን የተቀመጠው ነው ብዬ አስቀምጫለሁ። ሴፕቴቱንም ወደ ላይ ሳሳድገው ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ መስመሮች ወጡ፤ አንድ ዓመት ሙሉ «ሴፕቴት» የሚለውን ቃል ስጽፍ ኖሬ ሰባቱን መስመር በዓይኔ ቆጥሬ ያየሁት ትናንት ማታ ነው።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። ያስቀመጥኩት አቀማመጥ ለታይሞልም ይሠራል፤ አይሶፕሮፒሉንና ሚታይሉን ቦታ ባለዋውጣቸው ሦስቱ ፕሮቶኖች ያው ዓይነት አከፋፈል ይሰጣሉ። የቀረልኝ ማስረጃ የሺፍት ንጽጽር ብቻ ነው ማለት ነው። አማካሪዬ «በሥነ ጽሑፍ ካለው ቁጥር ጋር ስለተመሳሰለ» የሚለውን መልስ የሚቀበሉኝ አይመስለኝም። ቁጥር ሳላነጻጽር፣ ከራሴ ናሙና ብቻ፣ ሃይድሮክሲሉ ከማን አጠገብ እንዳለ የሚያሳይ መንገድ አለ?


መልስ 3፦ ከባሕር_ማዶ

እህቴ፣ እኔ ጀርመን አገር በተፈጥሮ ውህዶች ኬሚስትሪ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። የጠየቅሽው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ኤችኤምቢሲ ይባላል። ይህ ሙከራ ፕሮቶንን በሁለትና በሦስት ቦንድ ርቀት ካለ ካርቦን ጋር ያገናኛል። በ2.23 ላይ ያለውን የቀለበቱን ሚታይል ውሰጂ፤ በካርቫክሮል ከሆነ ሦስት ቦንድ ርቆ ሃይድሮክሲል የተሸከመውን ካርቦን ያገኛል፣ ስለዚህ በ2.23 እና በ153.6 መገናኛ ላይ ነጥብ ይታያል። በታይሞል ከሆነ ያ ነጥብ ከሚታይሉ ሳይሆን ከሜቲኑ መምጣት አለበት። ቤንዚን ቀለበት ላይ አንዳንድ ጊዜ የአራት ቦንድ ግንኙነት ደክሞ ስለሚታይ ነጥቡ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ጥንካሬውንም ተመልከቺ፤ ሜቲኑ ከ153.6 ጋር ግንኙነት የሌለው መሆኑንም አብረሽ ጻፊ። ኖኢ (በቦታ የሚቀራረቡ ፕሮቶኖችን የሚያሳይ ሙከራ) መለካት ከተቻለ ደግሞ ሚታይሉ የሚገናኘው ከ7.05 ጋር ብቻ ሊሆን ይገባል፤ በታይሞል ቢሆን በሁለቱም ጎኑ ፕሮቶን ያገኝ ነበር።

መለኪያውን ስትጠይቂ የሚሰጥሽን የታተመ ወረቀት ወይም ፒዲኤፍ ብቻ ይዘሽ አትመለሺ፤ የጥሬ ዳታውን ፎልደር በሙሉ፣ ኤፍአይዲውን፣ በፍላሽ ገልብጠሽ ውሰጂ። ፌዙን፣ ቤዝላይኑን፣ ኢንቲግሬሽኑን ራስሽ ስትሠሪው ነው ስፔክትረም የሚለመደው። ለዚህ ቶፕስፒን የተባለው ሶፍትዌር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በነፃ ይገኛል።

ስለ አጠናን ስለጠየቅሽ የኔን ስህተት ልንገርሽ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ ከአንድ ሥር ያወጣሁት «አዲስ» ውህድ ነበረኝ፤ በ7.71 እና በ7.53 ላይ የቀለበት ፕሮቶኖች፣ በ4.2 ላይ ከኦክስጅን ጋር የተያያዘ ሲኤች2፣ በ0.9 አካባቢ ሚታይሎች። አራት ወር ደከምኩበት። ማስ ስፔክትረሙ በ149 ላይ እንደ ግንብ የቆመ ፒክ ነበረው፤ አንድ ቀን ላብ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ያችን 149 በጣቱ ነክቶ «ይህማ የፕላስቲክ ማለስለሻ ነው» አለኝ። ፍታሌት ነበር፤ ከፕላስቲክ ጠርሙስና ከቱቦ ወደ ሟሚው የሚገባ። ታትመው የወጡ ጽሑፎች ውስጥ ሳይቀር ከእፅዋት የተገኘ ውህድ ተብሎ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ስፔክትረም ስቀበል መጀመሪያ የማደርገው የውህዱን ፒኮች መፈለግ ሳይሆን የውህዱ ያልሆኑትን መለየት ነው፤ ሟሚው፣ ውሃው፣ በ1.26 እና በ0.88 ያለው ቅባት፣ ከኮለም የቀረ ኢታይል አሲቴት በ1.26፣ በ2.05 እና በ4.12። እነዚህን በእርሳስ ሰርዤ የተረፈውን ብቻ እጠይቀዋለሁ። ኮለምሽ ላይ ኢታይል አሲቴት ስለተጠቀምሽ አንቺም 4.12ን ፈትሺ።

ለልምምድ ደግሞ የጃፓኑ የአይስት ተቋም ያዘጋጀው ኤስዲቢኤስ የሚባል ነፃ የስፔክትረም ማከማቻ አለ። እኔ የተጠቀምኩበት እንዲህ ነው፤ አንድ ውህድ እመርጥና ስፔክትረሙን ሳልከፍት ፕሮቶኑን፣ ካርቦኑን፣ ኢንፍራሬዱን በወረቀት ላይ እተነብያለሁ፣ ከዚያ ከፍቼ የተሳሳትኩበትን ብቻ በደብተር እጽፋለሁ። ደብተሩ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ስህተት ምን እንደሆነ ከአንድ ወር በኋላ ራሱ ይነግርሻል፤ የኔ ሁልጊዜ የኦርቶ ውጤት ነበር።


ጓሳ_ሜዳ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ የመጣሁት ውጤቱን ለማሳወቅ ነው። ኤችኤምቢሲው ተለካልኝ። በ2.23 ያለው ሚታይል ከ120.9፣ ከ130.9 እና ከ153.6 ጋር ጠንካራ ነጥብ አለው፤ በ2.83 ያለው ሜቲን ከ24.1፣ ከ113.0፣ ከ118.8 እና ከ148.5 ጋር ሲገናኝ በ153.6 ላይ ምንም የለውም። በ4.12 ላይ ኢታይል አሲቴት አላገኘሁም።

ጥሬ ዳታውን ራሴ ስሠራው ግን ቀድሞ ያላየሁት ነገር አገኘሁ። ስፔክትረሙን ለሴፕቴቱ ብዬ ወደ ላይ ሳሳድገው በ3.16 ላይ ሌላ ትንሽ ሴፕቴት አለ፤ የ2.83ቱን 1.00 ሳደርገው የእሱ ኢንቲግሬሽን 0.06 ይሆናል። በ2.28 ላይም ከሚታይሉ ጎን ትንሽ ሲንግሌት ቆማለች። በቲኤልሲ አንዲት ነጥብ ናት ያልኳት ፍራክሽን ውስጥ ከካርቫክሮሉ ጋር ታይሞልም ነበረ ማለት ነው። በረቂቄ ላይ «ንጹሕ» ያልኩትን ሰርዤ ሁለቱንም ከነመጠናቸው ጻፍኩ፤ በኅዳጉ ላይ ካለችው ጥያቄ ሥርም የኤችኤምቢሲውን ነጥቦች በቀስት አሳይቼ ዛሬ ጠዋት ለአማካሪዬ መልሼ ሰጥቻለሁ።